ሲዘጋ ለሠራተኛው ማን ይነግረዋል?

እዚህ ካኩማ ያላችሁ፣ ናይሮቢና ካምፓላ ያላችሁ፣ ሦስተኛ አገር ደርሳችሁ በሌሊት ሥራ መካከል ስልካችሁን የምትከፍቱ፣ አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼም፣ ሁላችሁንም ሰላም ብያለሁ።

ዛሬ ስለ ራሽን አልጽፍም። ስለ ወረቀት መጓተትም አልጽፍም፤ እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አዘጋግ ነው። «ይሄ ሰውዬ ሙቀቱ ነካው እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ። በእኔ ችኮላ የአንድ ክፍል ተማሪዎች የተርም ውጤት ጠፍቷል። ከመካከላቸው አንዷ ደግሞ ያንን ውጤት በዚያው ሳምንት ትፈልገው ነበር። ይህን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ስለ ሌሎች ጥፋት ስጽፍ ፈጣን ነኝ፤ ስለ ራሴ ሲሆን ግን እጄ ይከብዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተምረው ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ሒሳብና ፊዚክስ። ያን ጊዜ ፎርም 4 ውስጥ 94 ተማሪ ነበረኝ። ተርም ባለቀ ቁጥር እያንዳንዱ መምህር ማርክ ቡኩን ይዞ ይመጣና ሮስተር እንሠራለን። አገር ቤት ያስተማራችሁ ሮስተር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ ሁሉም በማስመሪያና በእስክርቢቶ። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ከላይ እስከ ታች እንደገና ነው።

ኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ ዘጠኝ ዴስክቶፕ አለ፤ የሚሠሩት አምስቱ ናቸው። መብራቱ ከጄኔሬተር ነው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ኢንተርኔት የምንገዛው እያንዳንዳችን በየስልካችን ነው። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ፈለግኩ። አንድ የናይሮቢ ጓደኛዬ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በፍላሽ ላከልኝ። ፓይተንን ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን በነፃ ነው የሚገኘው። ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ቲኪንተር የሚባል መሣሪያ አብሮት ይመጣል። መስኮቱም፣ የሚጫኑት ቁልፍም፣ የጽሑፍ ሳጥኑም የሚሠራው በእሱ ነው። ማታ ማታ በስልኬ እያነበብኩ፣ ቀን ቀን እየሞከርኩ፣ በሦስት ወር ውስጥ «ሮስተር» ያልኩትን ፕሮግራም ጻፍኩ። መምህሩ ማርክ ያስገባል፤ ፕሮግራሙ ይደምራል፣ አማካይ ያወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል።

አንድ ነገር ጨመርኩበት፤ ጣጣው ከዚያ ጀመረ። መብራት ሲጠፋ ሥራችን እንዳይጠፋ ብዬ በየ30 ሰከንዱ ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ ፈለግኩ። ሴቭ ሲያደርግ ግን መስኮቱ ለጥቂት ሰከንድ ይደርቃል፤ መምህራኑ ተማረሩ። ስለዚህ ሴቭ ማድረጉን ከመስኮቱ ጀርባ ለሚሠራ ለሌላ ሠራተኛ ሰጠሁት። የሙያው ሰዎች «ትሬድ» ይሉታል፣ ክር ማለት ነው። እኔ እዚህ ሠራተኛ እያልኩ እጠራዋለሁ። ሻይ ቤትን አስቡ። አንዱ ፊት ለፊት ቆሞ ሰው ያስተናግዳል፣ ሌላው ጓዳ ሆኖ ያፈላል። ዋናው ክር አስተናጋጁ ነው፤ ክሊክ ሲደረግ የሚሰማው፣ ጽሑፍ ሲገባ የሚቀበለው እሱ ነው። ሠራተኛው ጓዳ ሆኖ ፋይል ይጽፋል።

ሲሠራ ደስ ይላል። ችግሩ ሲዘጋ ነው።

መምህራኑ ሥራ ጨርሰው ጥግ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት ሲጫኑ መስኮቱ ይጠፋል። ፕሮግራሙ ግን አልቆመም። ጓዳ ያለው ሠራተኛ አሁንም በየ30 ሰከንዱ እየተነሣ ይጽፋል። ፓይተን እንዲህ ያለው ሠራተኛ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ የእኔ ሠራተኛ ደግሞ መጨረሻ አልነበረውም። መምህሩ ሮስተርን እንደገና ሲከፍተው ሁለተኛ ኮፒ ይነሣና ሁለቱ በአንድ ፋይል ላይ ይሻማሉ። ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። አንዳንዴም ሠራተኛው «ሴቭ ተደርጓል» የሚል ጽሑፍ ሊለጥፍ ሲመጣ የሚለጥፍበት መስኮት የለም። ያኔ በጥቁሩ መስኮት ላይ «ሜን ትሬድ ኢዝ ኖት ኢን ሜን ሉፕ» የሚል ኤረር ይዘረግፋል። በእኛ ቋንቋ፣ አስተናጋጁ ቦታው ላይ የለም ማለት ነው። አንድ ተማሪዬ ይህን አይቶ «መምህር፣ ይሄ ፕሮግራም ሞቷል፣ ግን አልተቀበረም» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ስለሳቁብኝ ቶሎ ላስተካክለው ፈለግኩ። የፓይተን መመሪያ ውስጥ አንድ ቃል አገኘሁ፤ «ዴሞን»። ሠራተኛውን ዴሞን ካልከው ዋናው ፕሮግራም ሲያልቅ ፓይተን አይጠብቀውም፣ ባለበት ያቋርጠዋል። ስሙን ለባልደረቦቼ ስነግራቸው አንዱ አማተበ። እኔ ግን አንዷን ቃል ጻፍኩና ችግሩ ጠፋ። መስኮቱ ሲዘጋ ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋል። ኤረር የለም፣ መንቀራፈፍ የለም። ሦስት ሳምንት በደስታ ሠራን። ያው መመሪያ እንዲህ ያለ ሠራተኛ በድንገት ስለሚቆረጥ የከፈተው ፋይል በአግባቡ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል። አንብቤዋለሁ። አልፌው ሄድኩ።

ማክሰኞ ነበር። የኬሚስትሪ መምህራችን የበረራ ቀን ደርሶት ሄዶ ነበር፤ ሳምንቱ ነው። ከመሄዱ በፊት የፎርም 4ን የኬሚስትሪ ማርክ በሙሉ ሮስተር ውስጥ አስገብቷል። እኔ የመጨረሻውን የፊዚክስ ማርክ አስገብቼ ስጨርስ ለ12 ሰዓት ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። የጄኔሬተሩ ጠባቂ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ያንቀጫቅጫል። ኤክሷን ተጫንኩ፣ መስኮቱ ጠፋ፣ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ስከፍተው የፎርም 4 ዝርዝር ባዶ ነው። ፋይሉን ፈለግኩት። ስሙ አለ፤ መጠኑ ዜሮ ባይት ነው።

«ኮፒ አልነበረህም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ነበረኝ። ፍላሽ ላይ ያለ የሦስት ሳምንት ኮፒ ነው። የሌሎቹን ትምህርቶች ማርክ ከየመምህራኑ ማርክ ቡክ እንደገና ማስገባት ይቻል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለን አስገባን። የኬሚስትሪው ግን ከኮፒው በኋላ የገባ ነው፤ ማርክ ቡኩ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ሄዷል።

በዚያው ቀን አንዲት ተማሪዬ መጣች። ቤተሰቧ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፣ እሷ የተወለደችው እዚሁ ካምፕ ውስጥ ነው። ለነፃ የትምህርት ዕድል ልታመለክት የተርም ውጤቷን በማኅተም ትፈልጋለች። የማመልከቻው መዝጊያ ዓርብ ነው። «መምህር፣ ወረቀቴ ደረሰ?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። አላለቀሰችም። ዝም ብላ ሄደችና ከአንድ ሰዓት በኋላ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ከፎርም 1 ጀምሮ የተመለሰላትን ፈተና ሁሉ ፍራሽ ሥር አስቀምጣ ኖሯል። የኬሚስትሪ ትንንሽ ፈተናዎቿን እዚያ ውስጥ አገኘን። የተርም መጨረሻው ፈተና ግን ለተማሪዎች አልተመለሰም ነበር።

ማታ ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ ጫማ እየሰፉ ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። መርፌውን አስቀመጡና «መምህር፣ ሰው ይሳሳታል። ግን ይህች ልጅ ዓመቱን ሙሉ በኩራዝ ስታጠና ነው የከረመችው። ጠፋ ብቻ አይበሏት። እንዴት እንደጠፋ ቁጭ ብለው ያስረዷት» አሉኝ።

በማግስቱ እንዳስረዳት መጀመሪያ እኔ ራሴ ማወቅ ነበረብኝ። የውሸት ማርክ የሞላ ፋይል አዘጋጀሁና ሮስተርን እየከፈትኩ በኤክስ እየዘጋሁ መሞከር ጀመርኩ። አሥራ ስድስት ጊዜ ደህና ተዘጋ። በአሥራ ሰባተኛው ፋይሉ ዜሮ ሆነ።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ፋይል እንደ አዲስ ሊጻፍበት ሲከፈት መጀመሪያ የነበረበት ይጠፋል፤ ከዚያ ነው አዲሱ የሚጻፈው። መምህር ሰሌዳውን በዳስተር አጥፍቶ እንደሚጽፈው ማለት ነው። የእኔ ሠራተኛ ደግሞ ሰሌዳውን ካጠፋ በኋላ ነበር የ94 ተማሪ አማካይና ደረጃ የሚያሰላው። በሰሌዳው መጥፋትና በጽሑፉ መጀመር መካከል ጥቂት ሰከንድ አለ። ኤክስን የተጫንኩት በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ዳስተሩን እንደያዘ ቆረጥኩት።

ፕሮግራሙ ግን ኤረር አላሳየም። ይህን ልብ በሉልኝ። ሲንጫጫ በነበረበት ጊዜ ማርክ አልጠፋም ነበር። ማርክ የጠፋው ዝም ካሰኘሁት በኋላ ነው። እኔ ያስተካከልኩት ጩኸቱን እንጂ ችግሩን አልነበረም።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ እየሳልኩ ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦

«እና መምህር፣ መስኮቱ ሲዘጋ ለሠራተኛው ማን ይነግረዋል?»

«ማንም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ከእናንተ መካከል ፕሮግራም የምትማሩ ልጆች ስላላችሁ በዝርዝር ልጻፈው፤ የማይመለከታችሁ ዝለሉት፣ ቅር አይለኝም።

አንደኛ፣ ኤክስን ከትእዛዝ ወደ ጥያቄ ቀየርኩት። ምንም ካልነገራችሁት ቲኪንተር ኤክስ ሲጫን መስኮቱን ወዲያው ያፈርሰዋል። ነገር ግን «ፕሮቶኮል» በሚባለው ትእዛዝ «ደብሊውኤም ዲሊት ዊንዶው» ለሚለው መልእክት የራሳችሁን ተግባር ማያያዝ ትችላላችሁ። ከዚያ ወዲያ ኤክስ «ልዝጋ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን የሚሰጠው የእናንተ ኮድ ነው። «ዲስትሮይ» እስካላላችሁት ድረስ መስኮቱ አይፈርስም።

ሁለተኛ፣ «እየተዘጋ ነው» የሚል ምልክት አስቀመጥኩ። ምልክቱ ከተነሣ አዲስ ማርክ አይገባም፣ ቁልፎቹ አይሠሩም። ሰው ቸኩሎ ኤክስን ሦስት ጊዜ ቢጫነውም መዝጋቱ የሚጀምረው አንዴ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀጠሮዎችን ሰረዝኩ። «አፍተር» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ ይህን ሥራ ብሎ ቀጠሮ ይይዛል። እኔ በየሰከንዱ ሰዓት የሚያድስ እንዲህ ያለ ቀጠሮ ነበረኝ። እያንዳንዱ ቀጠሮ መለያ ይሰጣችኋል። መለያውን አስቀምጡና ስትዘጉ «አፍተር ካንስል» በሉት። አለበለዚያ የፈረሰ መስኮት ላይ ሊጽፍ ይመጣል። «ኢንቫሊድ ኮማንድ ኔም» የሚለውን ኤረር ያያችሁ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አራተኛ፣ ለሠራተኛው ነገርኩት። የድሮው ሠራተኛዬ በ«ስሊፕ» 30 ሰከንድ ይተኛ ነበር፤ የተኛ ሰው ደግሞ ቢነግሩት አይሰማም። ያንን አውጥቼ «ኢቨንት» የሚባለውን ምልክት ሰጠሁት፤ በእሱ ላይ «ዌይት» ይላል። እስከ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ምልክቱ ከተነሣ ግን ወዲያው ይነቃና የያዘውን ጨርሶ ይወጣል። ዴሞን የሚለውን ቃል አጠፋሁት።

አምስተኛ፣ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ዋናው ክር በ«ጆይን» ቆሞ ሠራተኛውን ሲጠብቅ፣ ሠራተኛው ደግሞ መስኮቱ ላይ ሊጽፍ ዋናውን ክር ከጠበቀ፣ ሁለቱ እንደተፋጠጡ ይቀራሉ። መስኮቱ ይደርቃል፣ ሰው ይናደዳል፣ በግድ ይዘጋዋል፤ ተመልሰን እዚያው ነን። ስለዚህ ሠራተኛው መስኮቱን ፈጽሞ እንዳይነካ ከለከልኩት። መልእክቱን «ኪው» ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሰልፍ ማለት ነው፤ ሰልፍን ለእኛ ማስተማር አያስፈልግም። ዋናው ክር ከሰልፉ እያነሣ ያነባል። ሲዘጋም ቆሞ አይጠብቅም። በየ100 ሚሊ ሰከንዱ ብቅ እያለ «ጨረስክ?» ብሎ ያያል። መስኮቱ በሕይወት እንዳለ ይቆያል፣ ላዩ ላይም «በማስቀመጥ ላይ ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ይታያል።

ስድስተኛ፣ ሰሌዳውን ቀድሞ ማጥፋት ቀረ። ስሌቱ በሙሉ ካለቀ በኋላ አዲሱ ውጤት በሌላ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ይጻፋል። «ኤፍሲንክ» ተብሎ ዲስኩ ላይ እንዲወርድ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ብቻ «ሪፕሌስ» በሚለው ትእዛዝ የአሮጌውን ቦታ ይይዛል። በመካከል ቢቋረጥ አሮጌው እንዳለ ነው። ሴቭ ማድረግ ካልተቻለ ደግሞ፣ ለምሳሌ ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ያንን ይናገራል እንጂ ዝም ብሎ አይዘጋም።

ሰባተኛ፣ ዲስትሮይ። አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ። ከእሱ በታች መስኮቱን የሚነካ አንድም መስመር የለም።

መብራት ሲጠፋስ? መብራት ሲጠፋ ኤክስ የሚጫን የለም፣ የሚጠይቅም የለም። በታስክ ማኔጀር በግድ ስትዘጉትም እንደዚያው ነው፤ ከላይ ከጻፍኩት የመዝጊያ ሥርዓት አንዱም አይሠራም። ለዚህ ነው ስድስተኛው ነገር በመዝጊያ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በየ30 ሰከንዱ ሴቭ ሲደረግም የሚሠራው። ያን ጊዜ የሚጠፋው ቢበዛ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሥራ እንጂ የተርሙ አይደለም።

የፈተነችልኝ እሷው ናት። ደብተር ይዛ ተቀመጠችና 200 ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። ሴቭ እያደረገ እያለ፣ እየጻፈች እያለች፣ ኤክሷን ደጋግማ እየተጫነች፣ ፍላሹን ነቅላ ጭምር። እያንዳንዱን በመስመር መዘገበች። በ63ኛው ላይ ስህተት አገኘች፤ አስተካከልኩ፤ ከአንድ ጀምራ እንደገና ቆጠረች።

ማመልከቻዋ ምን ሆነ? ሌላ መምህር የኬሚስትሪ ፈተና ሐሙስ ከሰዓት አውጥቶ ፈተናት፣ ትምህርት ቤቱም የሆነውን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፈላት፤ ዓርብ ገባ። ከሁለት ወር በኋላ ያለፉት ስም ሲለጠፍ የእሷ አልነበረም። ምክንያቱን የነገረን የለም። በእኔ ፕሮግራም ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ አይደለም ማለትም አልችልም። ከዚህ ጋር ነው የምኖረው።

አሁን ስለ ኬሚስትሪ መምህራችን። ያን ሳምንት ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ማርክ ቡኩን ይዞ እንዴት ይሄዳል አልኩ። ስደውልለት ገና መንገድ ላይ ነው፤ ከብዙ ቀን በኋላ መልስ ላከልኝ። «ወንድሜ፣ ሻንጣው ኪሎ በዝቶ ደብተሮቹን ሁሉ አውጥቼ ጣልኳቸው። ማርኩ ኮምፒውተር ውስጥ አለ ብዬ ነው» አለኝ። ምን ልበለው? ኮምፒውተሩ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ማርክ ቡኩን አስረክብ ያለው ሰው አልነበረም። እሱም በረራው ደርሶ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ የስንት ዓመት ኑሮውን በአንድ ሻንጣ ሊያስገባ ሲታገል ነበር።

እኔም ብሆን የተለየሁ አይደለሁም። ከአገር ስወጣ አርሜ የጨረስኩትን የ62 ተማሪ ፈተና የመምህራን ክፍል መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ነው የመጣሁት። ቁልፉ አሁንም እኔ ጋ አለ። መሳቢያውን ሰብረው አገኙት ወይስ ልጆቹ እንደገና ተፈተኑ፣ ዛሬ ድረስ ያስበኛል። ያን ሌሊት ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ብዙዎቻችን ስንወጣ መብራት ነው የጠፋብን። ለዚያ ማንም ሊወቅሰን አይችልም፣ እኛም ራሳችንን መውቀስ የለብንም።

ከዚህ ካምፕ መውጣት ግን ከዚያ ይለያል። አጭር ቢሆንም ቀን ይሰጣል፤ «ልዝጋ ወይ?» ተብሎ እንደመጠየቅ ነው። ስለዚህ የበረራ ቀን የደረሳችሁ፣ ወደ ሌላ ከተማ የምትዛወሩም፣ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት እባካችሁ ጓዳ ውስጥ ማን እየሠራ እንዳለ ዞር ብላችሁ እዩ።

መምህር ከሆናችሁ ማርክ ቡኩን ለሚተካችሁ ሰው በእጁ ስጡት፤ ባይኖር ለዳይሬክተሩ። የእድር ወይም የእቁብ ገንዘብ ያዥ ከሆናችሁ መዝገቡን በሁለት ምስክር ፊት አስረክቡ፤ «ጓደኛዬ ያውቀዋል» አይበቃም። የሰው ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ የክትባት ካርዱንና የትምህርት ቤት ወረቀቱን የት እንዳስቀመጣችሁ ለሚረከባችሁ አሳዩ። በእናንተ ስልክ ቁጥር ጉዳዩን ያስመዘገበ ጎረቤት ካለ ደግሞ ሲሙን ከመጣላችሁ በፊት ንገሩት፤ ለዓመታት የጠበቀው የቀጠሮ መልእክት በጠፋ ቁጥር ላይ ሊመጣ ይችላል። እኔ ራሴ እንዲህ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ በሰላም ሂዱ። እኛም መርቀን እንሸኛችኋለን።

ልጅቷ አሁን በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ሆናለች። ዘንድሮ እንደገና አመልክታለች። የውጤት ወረቀቷ በሦስት ቦታ አለ፤ ሮስተር ውስጥ፣ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ውስጥ፣ ፍራሽ ሥር። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አነበብኩላት። «መምህር፣ 63ኛውን ባትጽፈው ይሻል ነበር፣ የአንተ ስህተት ነው» ብላ ሳቀች። ይጻፍ አልኳት።

ሮስተር ዛሬም ይሠራል። ስትዘጉት ትንሽ ይቆያል፤ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ጠባቂው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ «ምዋሊሙ፣ ቶሎ!» ይላል። እኔም «ቆይ፣ ጓዳ ሰው አለ» እለዋለሁ። ነገሩ ገብቶት አይመስለኝም፣ ግን ይጠብቀኛል።

ኮዱን ለትምህርት ቤታችሁ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በነፃ እልካለሁ። የምታርሙት ካለም ንገሩኝ። ሊሄድ የተዘጋጀ ሰው የምታውቁ ደግሞ ይህን አንብቡለት።

ቸር ያሰማን።